ከመሸ በኋላ ፎቶ ማንሳት፦ ፊት እንዲታይ ምን እናድርግ?

በዚህ ዓምድ ለተማሪውም ለወላጁም ይጠቅማል የምንለውን ስናነሳ ቆይተናል። ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዓሊ አዴና በሆል ሆል መጠለያ ላላችሁም ሆነ እንደኛ በጅቡቲ ከተማ ለምትኖሩ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው። ይኸውም ከመሸ በኋላ ወይም ብርሃን ባነሰበት ቤት ውስጥ እንዴት ፎቶ እናንሳ የሚል ነው።

«ይህ ሁሉ ችግር እያለ ስለ ፎቶ ይወራል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ እናስበው። አብዛኞቻችን ከወላጅ፣ ከወንድምና ከእህት፣ አንዳንዶቻችንም ከትዳር ጓደኛችን ተለያይተን ነው የምንኖረው። አገር ቤት ያለች አያት የልጅ ልጇን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ያ ፎቶ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ጉድጓድ መስሎ ሲደርሳት «ልጁ ታሟል፤ እየደበቁኝ ነው» ብላ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ልጁ ግን ጤነኛ ነው፣ በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት ነው የዋለው። ጉድለቱ የብርሃን ነው። እንዲህ ያለውን ጭንቀት ያለ ምንም ወጪ ማስቀረት ከተቻለ ለምን አናስቀርም?

በዚያ ላይ የጅቡቲ ኑሮ የምሽት ኑሮ ነው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ቀን ላይ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሱቁም ይዘጋል። ሰው ከሰው የሚገናኘው፣ ልጆች ውጪ የሚጫወቱት፣ ቡናውም በወጉ የሚፈላው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሠርጉም፣ ልደቱም፣ በረመዳን ለማፍጠር መሰብሰቡም፣ በፋሲካ ዋዜማ ጧፍ ማብራቱም ሁሉ በምሽት ነው። እንግዲህ ፎቶ የምናነሳው በአብዛኛው ካሜራ በማይወደው ሰዓት ነው ማለት ነው።

ጥንትም የነበረ ነገር ነው

ከዚህ አካባቢ መልክን ለቤተሰብ መላክ ዛሬ አልተጀመረም። የዛሬው የማህሙድ ሀርቢ አደባባይ፣ የሐሙዲ መስጊድ ያለበት ማለታችን ነው፣ ቀደም ሲል በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ይጠራ ነበር። ይህ ሰው ግጥሙን ትቶ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ኖሯል፤ ኋላም በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ የጦር መሣሪያ ይዞ ወጥቷል። በሐረር ሳለ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን አነሳና ፎቶዎቹን ለእናቱና ለእህቱ ላከ። በደብዳቤው እንደገለጸው አንዱን በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና ተክል መካከል፣ ሌላውን በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ ነው ያነሳው። ፎቶዎቹን ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለነበረ ነጣ ብለው እንደወጡም አልሸሸገም። ያም ሆኖ ላካቸው፤ መልኩን እንዳይረሱት ነው የፈለገው።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ፎቶዎች የተነሱት ከቤት ውጪ በቀን ብርሃን ነው። የዚያ ዘመን መሣሪያ ብዙ ብርሃን ይፈልግ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝናት ሞባይል ከዚያ እጅግ ትሻላለች። ቢሆንም ብርሃን ከሌለበት ብርሃን መፍጠር አትችልም። የዛሬው ትምህርታችን ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ መጀመሪያ ብርሃን ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ፊት ወደ ብርሃኑ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ካሜራው ማሰብ።

ካሜራው ብርሃንን እንዴት ይቀዳል?

ነገሩ ከቦኖ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ፎቶ እንዲወጣ ጄሪካኑ መሙላት አለበት። ውኃው ብርሃኑ ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ. የሌንሱ ቀዳዳ። ቧንቧው ሰፊ ከሆነ ጄሪካኑ ቶሎ ይሞላል። የቀዳዳው ስፋት «ኤፍ» በሚል ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኤፍ 2 ከኤፍ 4 ይልቅ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ካሜራ ያላችሁ በምሽት ቁጥሩን እስከሚወርድበት ድረስ አውርዱት። በአብዛኞቹ ሞባይሎች ግን ቀዳዳው አይለወጥም።

2ኛ. የመዝጊያው ፍጥነት። ቧንቧው ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል? የሚለካው በሴኮንድ ክፍልፋይ ነው። 1/30 ሴኮንድ ከ1/60 ሴኮንድ እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ችግሩ ቧንቧው ተከፍቶ ሳለ እጃችን ቢንቀጠቀጥ ወይም ሰውየው ቢንቀሳቀስ ፎቶው መደብዘዙ ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው 1/30 ይበቃል፤ ለሚያወራና ለሚስቅ ሰው 1/60፤ ለሚሮጥ ልጅ ግን ቢያንስ 1/250 ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በምሽት በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ልጆችን በምሽት ስታነሱ ተረት እየሰሙ ወይም እየበሉ ሳሉ ይሁን፤ ኳስ ሲራገጡ ማንሳቱ ለቀን ይቆይ።

3ኛ. አይ ኤስ ኦ የሚባለው ነው። ይህኛው ውኃ አይጨምርም። የተቀዳችውን ትንሽ ውኃ በዝታ እንድትታይ ያደርጋል እንጂ፤ ሲበዛም ደለሉ አብሮ ይወጣል። ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ነጠብጣብ ከዚህ የሚመጣ ነው። 100 እና 200 ለቀን ነው። ለምሽት 800 ወይም 1600 የተለመደ ነው። በሞባይል ከ1600 በላይ ሲሆን ፊት መበላሸት ይጀምራል።

ሦስቱ እርስ በርስ ይተካካሉ። ቀዳዳው ሳይለወጥ አይ ኤስ ኦ 200 በ1/15፣ አይ ኤስ ኦ 400 በ1/30፣ አይ ኤስ ኦ 800 በ1/60 ሴኮንድ እኩል ብርሃን ያለው ፎቶ ይሰጣሉ። የሂሳብ ተማሪዎች ወዲያው ታዩታላችሁ፤ አንዱ በእጥፍ ሲያድግ ሌላው በግማሽ ይቀንሳል። በሞባይላችሁ ካሜራ ውስጥ «ፕሮ» የሚል ካለ ከፍታችሁ ሞክሩት። ከሌለም አትዘኑ፤ ከዚህ በታች ያለውን ለማድረግ «ፕሮ» አያስፈልግም።

ሳይከፈልበት የሚገኝ ብርሃን

በጅቡቲ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወራቱ ከ11 ሰዓት ከ40 ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ይቆያል። ይህ ብርሃን ለስላሳ ነው፤ በፊት ላይ ጥቁር ጥላ አይጥልም፤ ዓይንም አያስጨፍንም። የቤተሰብ ፎቶ ለማንሳት ከቀኑ ሰዓት ሁሉ የተሻለው ይኸኛው ነው። እንግዳ ሲመጣ «ከእራት በኋላ እንነሳለን» ከማለት ፀሐይ እንደጠለቀች ወጣ ብሎ መነሳት ይሻላል።

በቀንም ቢሆን ድንኳን ውስጥና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጨለማ ነው። እዚያ በሩ የእናንተ መብራት ነው። የሚነሳው ሰው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ከበሩ አንድ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ይቀመጥ። የሚያነሳው ሰው በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑን ሳይሸፍን ወደ ጎን ይቁም። ሰውን በሩ ላይ አቁሞ ከውስጥ ማንሳት ግን ጥላውን ብቻ ማንሳት ነው።

ከመሸ ደግሞ መብራት ፈልጉ። የጅቡቲ ከተማ መብራት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሩ ድርሻው በድሬዳዋ በኩል ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር የሚመጣ ነው፤ ከአገራችን ወንዝ የመጣ ብርሃን ነውና ተጠቀሙበት። በከተማው የሱቅ ደጃፍ መብራት ከመንገድ መብራት ይሻላል። የመንገድ መብራት ከአናት ላይ ስለሚወርድ ዓይንን ጉድጓድ ያስመስላል፤ የሱቅ ብርሃን ግን ከፊት ለፊት ይመጣል። በመጠለያ የሶላር መብራት ያላችሁ ከጣራው አውርዱና በፊት ትክክል፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ። መብራቱ ከሰውየው ጀርባ እንዳይሆን። ሸራ ባለበት ድንኳን ውስጥ ለፎቶ ብላችሁ ጧፍ ወይም ኩራዝ ወደ ሸራው አታስጠጉ፤ ለአንድ ፎቶ ተብሎ ቤት አይቃጠልም።

ብርሃኑ በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ ሌላው ጉንጭ ከጨለመ ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ወረቀት በጨለማው ጎን ያዙ። ነጭ ነገር ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። ከፎቶው ውጪ ያለ አንድ ልጅ ነጠላውን ዘርግቶ ቢይዝ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ሞባይሉን በተመለከተ

ከሁሉ በፊት ሌንሱን ጥረጉ! አቧራው፣ የባሕሩ ጨው፣ የጣት ቅባቱ ተደራርቦ በምሽት እያንዳንዱን አምፖል ጭጋግ ያለበሰው ያስመስላል። ንጹሕና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ቀጥሎ እጃችሁን አጽኑ። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ተደገፉ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ተንፍሳችሁ ስትጨርሱ ተጫኑ። ከዚህ የተሻለ ከፈለጋችሁ ሩዝ ወይም አሸዋ የተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሞባይሉን አቁሙትና የ3 ሴኮንድ ቆጣሪውን ክፈቱ። ቆጣሪው እናንተም ፎቶው ውስጥ እንድትገቡ ያደርጋል። ሁልጊዜ አባት የሚጎድልበት የቤተሰብ ፎቶ ብዙ አይተናል፤ አባት የጎደለው እሱ ስለሚያነሳ ነው።

ዙም አትጠቀሙ። ዙም በአብዛኛው የጨለማውን ፎቶ ቆርጦ ማሳደግ ነው። በእግራችሁ ቀረብ በሉ።

ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት በጣት ነካ አድርጉ። ሞባይሉ ብርሃኑንም ጥራቱንም ለዚያ ፊት ያስተካክላል። ነካ ስታደርጉ የፀሐይ ምልክት ብቅ ካለ ወደ ላይ ስትስቡት ይነጣል፣ ወደ ታች ስትስቡት ይጨልማል።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ ብዙ ሞባይሎች ላይ በጨረቃ ምልክት ወይም «ናይት» በሚል ቃል የሚታወቅ አሠራር አለ። ይህ አንድ ፎቶ ብቻ አያነሳም፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ስክሪኑ ጨርሻለሁ እስኪል ድረስ አንሺውም ተነሺውም ንቅንቅ አይበሉ። ለአረጋውያንና ለተቀመጠ ሰው በጣም ጥሩ ነው፤ ለሕፃን ግን አይሆንም።

ቀለሙ ቢጫ ወይም ብርቱካን ከመሰለ መብራቱ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ቢጫ የለበሰች ትመስላለች። «ፕሮ» ውስጥ የቀለም ማስተካከያ አለ፤ የአምፖል ሥዕል ያለበትን ምረጡ። ሁለት ዓይነት መብራት፣ ለምሳሌ ቢጫና ነጭ፣ በአንድ ቦታ ካለ አንዱን አጥፉ።

ፍላሽስ? ከተቻለ ይቅር። ብርሃን በርቀት ቶሎ ይደክማል፦ በ2 ሜትር ላይ ያለ ሰው በ1 ሜትር ካለው ሰው የሚያገኘው ሩቡን ነው፤ በ3 ሜትር ያለው ደግሞ አንድ ዘጠነኛውን። ስለዚህ በሠርግ ላይ ብዙ ሰው በፍላሽ ሲነሳ የፊቱ ረድፍ ይነጣል፣ የኋላው ይጠፋል። የግድ ከሆነ ሌላ ሰው የሞባይሉን ባትሪ አብርቶ ከጎን፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ያብራላችሁ።

ስለ መልካችን

አንድ ነገር ግን ልጆቻችን በደንብ እንዲያውቁት እንፈልጋለን። ፎቶ ላይ ጠቁሮ መውጣት የመልካችን ጉድለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የኮዳክ ኩባንያ ፊልም ሲታጠብ ባለሙያዎች ቀለሙን የሚያስተካክሉት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር። ካርዱ በኩባንያው ትሠራ በነበረች ሴት ስም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ለእርሷ ቆዳ የተስተካከለ ፊልም የጥቁር ሰውን ፊት በቅጡ አያወጣም ነበር፤ ነጭና ጥቁር ልጆች አንድ ላይ ሲነሱ የጥቁሮቹ ጥርስና ዓይን ብቻ ይታይ ነበር። ኮዳክ ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ይገኙበታል፤ ቡናማ ዕቃችን በፎቶ አልለይ አለን ብለው ስላመለከቱ ነው። ለሰው ፊት ያልተደረገው ለቸኮሌት ተደረገ ማለት ነው።

ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ቴክኖ ሞባይል በአፍሪካ ገበያ ያገኘው አንዱ የጥቁር ሰውን ፊት አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ ይዣለሁ በማለቱ ነው። ጉግልም በ2021 እ.ኤ.አ. የጠቆረ ቆዳን በትክክል እንዲያሳይ የተሠራ ካሜራ በሞባይሉ ላይ አውጥቷል። ቢሆንም ማንኛውም ካሜራ ዛሬም ከኋላችን ብሩህ ነገር ካየ ይታለላል። በነጭ ሸራ ወይም በነጭ ግድግዳ ፊት ስንቆም ካሜራው «እዚህ ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉን ያጨልመዋል፤ ፊታችንም አብሮ ይጨልማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ነጩ ነገር ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊት ይሁን። ከጀርባ የጠቆረ መጋረጃ ወይም የጭቃ ግድግዳ ይሻላል። ደግሞ እባካችሁ፣ ልጃገረዶችን «ፎቶው እንዲያምር» ብላችሁ ፊት በሚያነጣው ፕሮግራም አታንጧቸው። አያት ማየት የምትፈልገው የልጅ ልጇን መልክ ነው፤ የሌላ ሰው መልክ ምን ያደርግላታል?

ወረቀት ሲነሳ

የስደተኛ መታወቂያ፣ የልደት ወረቀት፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የትምህርት ማስረጃ በሞባይል አንስቶ መላክ የዕለት ተዕለት ሥራችን ሆኗል። በምሽት በችኮላ የተነሳ ወረቀት ግን 3ቱ ከ8፣ 1ዱ ከ7 አይለይም። በአንድ ቁጥር ምክንያት ስንት ሰው ተመላልሷል! ስለዚህ እስኪነጋ መቆየት ከተቻለ ይቆይ። ካልተቻለ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ፍላሹን አጥፉ፣ ምክንያቱም የመታወቂያ ፕላስቲክ አብረቅርቆ ጽሑፉን ይውጠዋል። መብራቱ ከጎን ይምጣ፤ የእጃችሁ ጥላ አይረፍበት። አራቱም ማዕዘን ይታይ። ከላኩ በፊት ፎቶውን አሳድጋችሁ እያንዳንዱን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። በዋትስአፕ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኩት፤ ያለበለዚያ ይጨመቅና ይደበዝዛል። ወረቀታችሁንም ብዙ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ አትልቀቁ።

ጥንቃቄ

በጅቡቲ ከተማ ምሽት ላይ የወደቡ መብራት ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ወጣቶች እሱን ከጀርባ አድርገው መነሳት ይወዳሉ። ወደቡን፣ አየር ማረፊያውን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ፖሊሶችን ማንሳት ግን ችግር ያመጣል። በከተማው ዙሪያ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉ፤ ወደነዚያ ካሜራ አይዞርም። «ቤተሰቤን ነው ያነሳሁት» ማለት አያድንም።

ሌላው፣ ሰውን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ከመካከላችን መልኩና ያለበት ቦታ ቢታወቅ እርሱ ወይም አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ የሚጎዱ ሰዎች አሉ። በድግስ የተነሳውን የጋራ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ በአንድ ጠይቁ። ብዙ ሞባይል ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ ምዝገባውን አጥፉት።

የቤት ሥራ ለተማሪዎች

አንድ ሰው አስቀምጡ። ማታ በአንድ መብራት ሦስት ጊዜ አንሱት፦ መጀመሪያ መብራቱ ከጀርባው፣ ቀጥሎ ከአናቱ በላይ፣ በመጨረሻ ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን። ሦስቱንም ጎን ለጎን ተመልከቱና ልዩነቱን በደብተራችሁ በአምስት መስመር ጻፉ። ከዚያም ሦስተኛውን ለአያት ላኩት። ሞባይል የሌላችሁ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ሥሩ፤ መብራቱን የሚይዘውም እኩል ነጥብ ያገኛል።

ውድ አንባቢያን፣ ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ሞክራችሁት ያስቸገራችሁ ነገር ካለ በትምህርት ቤት በኩል ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እንመልሳለን። የራቀውን የሚያቀርብ አምላክ፣ በፎቶ የምንተያየውን ሁሉ በአካል ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ።